የማሽን ሰዓትና የሰው እጅ፦ ‘ዶንኪ ኮንጋ’ የተባለው የከበሮና የጭብጨባ ጨዋታ ከሰሜን ወሎ የዘፈን ምት አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

በስልተ ምት ላይ የተመሠረቱ የቪዲዮ ጨዋታዎች ተጫዋቹን የሚመዝኑት እጁ ከማሽኑ ሰዓት ጋር በመግጠሙ ወይም ባለመግጠሙ ነው። ይህ አጭር መጣጥፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ለገበያ የቀረበውን ‘ዶንኪ ኮንጋ’ የተባለ የቤት ኮንሶል ጨዋታ ለማሳያነት ወስዶ ሁለት ነገሮችን ይመረምራል። የመጀመሪያው ከበሮንና ጭብጨባን መቆጣጠሪያው ያደረገው ይህ ጨዋታ ከሰሜን ወሎ ዘፈኖች ጋር በምን እንደሚቀራረብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የምት አለካኩ ከእነዚሁ ዘፈኖች በምን እንደሚርቅ ነው። በቀላል ስሌት እንደሚታየው፣ በሦስት የሚከፈልን ምት በአራት በተከፈለ ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር፣ ወይም እየፈጠነ የሚሄድን ዘፈን በአንድ ቋሚ ፍጥነት መያዝ፣ ባለሙያዋን ከበሮ መቺ ስሕተተኛ ያደርጋታል። በመጨረሻም መጣጥፉ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ በአነስተኛ መሣሪያ ሊከናወን የሚችል የአሠራር ቅደም ተከተል ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ስልተ ምት፣ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሰሜን ወሎ

1. መግቢያ

በአገራችን ከተሞች ብዙ ወጣቶች ከኮንሶል ጨዋታ ጋር የሚተዋወቁት በየሰፈሩ በተከፈቱ ‘ፕሌይስቴሽን ቤቶች’ ውስጥ ነው። በእነዚህ ቤቶች ጎልቶ የሚታየው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በዚያው ከተማ ሠርግ ሲሆን ከበሮ ይመታል፤ ጥምቀት ሲደርስ ጎዳናው በጭብጨባና በእልልታ ይሞላል። በነሐሴ አጋማሽ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን፣ በላስታ አሸንድዬን፣ በዋግ ሻደይን ከበሮ ይዘው እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳም፣ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ እንደመሆኗ፣ ከዚሁ የወሎ የዘፈን ባህል ውስጥ ናት።

አንዱ ጨዋታ በስክሪን ፊት፣ ሌላው ጨዋታ በአደባባይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ የጨዋታ ዓይነት ግን በዓለም ላይ ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተጫዋቹ ዘፈን እየሰማ፣ በስክሪን ላይ የሚመጡለትን ምልክቶች እየተከተለ፣ በትክክለኛው ቅጽበት የሚመታበት ጨዋታ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በባህል ጥናት ወይም በትምህርት ዘርፍ ያለ ተመራማሪ ‘የአካባቢያችንን ዘፈን በዚህ መልክ ለልጆች ብናቀርበውስ?’ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን አንድ የተሰወረ አደጋ አለበት። ማሽኑ ‘ተሳስተሃል’ የሚለው በማን ሰዓት ቆጥሮ ነው? ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

2. ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ

የዚህ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለፕሌይስቴሽን የተሠራው ‘ፓራፓ ዘ ራፐር’ ነው። ቀጥሎ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በ1998 በእግር የሚረገጥ መድረክ ያለውን ‘ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን’ አወጣ። ናምኮ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2001 ‘ታይኮ ኖ ታትሱጂን’ በተሰኘው ጨዋታ የጃፓንን ባህላዊ ከበሮ፣ ታይኮን፣ ወደ መዝናኛ ቤቶች አስገባ። በ2003 ይኸው ናምኮ ለኔንቴንዶ ጌምኪዩብ ኮንሶል ዶንኪ ኮንጋን ሠራ። ስሙ ዶንኪ ኮንግ ከተባለው የኔንቴንዶ ታዋቂ ጎሪላ ገጸ ባሕርይና ኮንጋ ከሚባለው የኩባ ከበሮ የተጣመረ ነው።

ጨዋታውን ለዚህ ጥናት ተመራጭ ያደረገው መቆጣጠሪያው ነው። በአዝራር የተሞላ ሰሌዳ ሳይሆን ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ከበሮዎች አሉት፤ በመካከላቸውም ማይክሮፎን ተቀምጧል። ተጫዋቹ ግራውን ይመታል፣ ቀኙን ይመታል፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይመታል፣ ወይም ያጨበጭባል። ማይክሮፎኑ የጭብጨባውን ድምፅ ተቀብሎ እንደ አራተኛ ምልክት ይቆጥረዋል። እስከ አራት ሰዎች አብረው መጫወት ይችላሉ። ከበሮና ጭብጨባ፣ ያውም በኅብረት፤ የወሎን ሠርግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አደረጃጀት እንግዳ አይሆንበትም።

ከመቆጣጠሪያው በስተጀርባ ያለው አሠራር ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የዘፈኑ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምልክት ሁሉ የሚመጣበትን ጊዜ የያዘ ሰንጠረዥ ነው። ሦስተኛው የተፈቀደው ልዩነት ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ ከተወሰነው ቅጽበት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢመታ ማሽኑ የሚታገሰው የጊዜ መጠን ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። የተፈቀደው ልዩነት በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ፍሬም ቢሆን፣ ከ33.3 ሚሊሰከንድ በላይ የራቀ ምት ሁሉ እንደ ስሕተት ይቆጠራል ማለት ነው። ልዩነቱ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል፤ በዚህ መጣጥፍ ለስሌት እንዲያመች ይህ ቁጥር ተወስዷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ዶንኪ ኮንጋ ለጃፓን፣ ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ገበያዎች የተለያየ የዘፈን ዝርዝር ነበረው፤ በ2005 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከጃፓን ውጭ አልተሸጠም። ሰው በለመደው ዘፈን ሲጫወት እጁ እንደሚፈታ ሠሪዎቹ ያውቃሉ። የትኛው ሕዝብ በራሱ ዘፈን እንደሚጫወት የሚወስነው ግን ገበያው ነው። ገበያ ያላሰበው አካባቢ የራሱን ዘፈን ማስገባት ያለበት ራሱ ነው።

3. የሰሜን ወሎ ምትና ዳኝነቱ

ወሎ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ያለው ስፍራ በቅኝቶቹ ይታወቃል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው፤ ትዝታና አንቺሆዬም ከዚሁ ምድር ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። ስለ ቅኝት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ምት የተጻፈው ግን በንጽጽር አነስተኛ ነው። ለስልተ ምት ጨዋታ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው።

በአማራው አካባቢ በስፋት የሚሰማው የጭፈራ ምት በተለምዶ ‘ቺክቺካ’ የሚባለው፣ በሙዚቃ ትምህርት ስድስት ስምንተኛ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ስድስቱ ትናንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይመደባሉ፤ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ይመደባሉ። ከበሮው አንዱን አመዳደብ ሲይዝ ጭብጨባው ሌላውን ሊይዝ ይችላል። የእስክስታው ትከሻ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። የዘፈኑ ሙቀት የሚመነጨው ከዚህ መገናኘትና መለያየት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ፍጥነት የሚያድግ መሆኑ ነው። ይህ በዓለማዊው ዘፈን ብቻ የሚታይ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አቋቋም ዜማው በቁም ይጀመራል፣ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፣ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፣ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል። በወሎ በእጅጉ በዳበረው መንዙማም አዝማቹ በዝግታ ጀምሮ ተቀባዩ በድቤና በጭብጨባ እያጀበው ይሞቃል። ሦስተኛው ጠባይ አንዳንዱ ክፍል ጨርሶ በምት የማይቆጠር መሆኑ ነው። አዝማሪ መሲንቆውን ይዞ ትዝታን ሲጀምር፣ ቃሉ እስኪያልቅ ድምፁን ይስባል እንጂ ምት አይጠብቅም።

ታዲያ በዚህ ባህል ስሕተት የለም ማለት ነውን? አይደለም። ከበሮዋን ያበላሸች ልጅ ወዲያው ትታወቃለች። ጭብጨባው ይሰበራል፣ ተቀባዮቹ ይደናገራሉ፣ ታላቋ ከበሮውን ትቀበላታለች። ዳኝነቱ አለ፤ ዳኛው ግን ከክቡ ውጭ የተቀመጠ ሰዓት አይደለም። ምቱ ትክክል የሚሆነው አጠገብ ያለው እጅ ተከትሎት መሄድ ሲችል ነው።

የጽሑፍ ምልክትም ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በሊቃውንት ትውፊት የድጓው የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተደራጅተዋል፤ ስማቸውም በወሎ ሳይንት ከምትገኘው ተድባበ ማርያም ጋር ይያያዛል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክና ሌሎቹ ምልክቶች ዜማው የሚሄድበትን መንገድ ለተማሪው ያስታውሱታል። የድምፁን ርዝመት በቁጥር አያስሩም፤ እርሱን መምህሩ በአፉና በእጁ ያቀብላል። የጨዋታው ሰንጠረዥ ግን ተቃራኒው ነው። መምህሩን ትቶ ጊዜውን ብቻ ይጽፋል።

4. ሁለቱ ሲገናኙ፦ ሦስት ስሌቶች

የመጀመሪያው ስሌት የአከፋፈል ነው። አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ዋና ምት አለው እንበል፤ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ምቱ በሦስት ሲከፈል መቺዋ በ0፣ በ166.7 እና በ333.3 ሚሊሰከንድ ላይ ትመታለች። ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ባለሙያ በልማድ ምቱን በአራት ከከፈለው ያሉት ቦታዎች 0፣ 125፣ 250 እና 375 ናቸው። ሁለተኛዋ ምት ከቅርቧ ቦታ በ41.7 ሚሊሰከንድ ትርቃለች፤ ሦስተኛዋም እንዲሁ። የተፈቀደው ልዩነት 33.3 ከሆነ፣ በትክክል ከመታቻቸው ሦስት ምቶች ሁለቱ ስሕተት ተብለው ይመዘገባሉ። ሰንጠረዡን በስምንት በመክፈል ችግሩን ማለዘብ ይቻላል፤ ልዩነቱ ወደ 20.8 ይወርዳል፣ ምቱም ይቆጠርላታል። ነገር ግን ከፍተኛው ነጥብ የአንድ ፍሬም፣ ማለትም የ16.7 ሚሊሰከንድ፣ ቅርበት የሚጠይቅ ከሆነ አሁንም አታገኘውም። ችግሩ ተሸፈነ እንጂ አልተፈታም።

ሁለተኛው ስሌት የፍጥነት ነው። ዘፈኑ ከ120 ተነሥቶ ወደ 126 ቢደርስ፣ ለውጡ ለጆሮ ትንሽ ነው፤ ጨፋሪው ‘ሞቀ’ ይላል እንጂ ‘ተበላሸ’ አይልም። አንዱ ምት ግን ከ500 ወደ 476.2 ሚሊሰከንድ አጥሯል። ሰንጠረዡ በ120 ላይ ቆሞ ከቀረ በእያንዳንዱ ምት 23.8 ሚሊሰከንድ ይከማቻል። በሁለተኛው ምት ልዩነቱ ከ47 ሚሊሰከንድ አልፎ ከተፈቀደው ውጭ ይወጣል። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ማሽኑ 20 ምት ሲቆጥር ሰዎቹ 21 መትተዋል።

ሦስተኛው ስሌት የቦታ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስድስት ሜትር ስፋት ባለው የጨዋታ ክብ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ 17.5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህ ብቻውን ከአንድ ፍሬም ይበልጣል። በክቡ ውስጥ ያሉ እጆች በአንድ ቅጽበት አይሰሙም፤ ስለዚህም ፍጹም በአንድ ቅጽበት አይመቱም። የኅብረት ጭብጨባ ሰፊና ሙሉ ሆኖ የሚሰማው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ማሽኑ ይህንን ስፋት ቢያርመው የሚቀረው የአንድ ሰው ጭብጨባ ነው።

ከሦስቱ ስሌቶች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ማሽኑ የአካባቢውን ምት መያዝ አያቅተውም። የሚያስቸግረው ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው ሰው ከሌላ ሙዚቃ የወረሰውን ልማድ ሳይመረምር መቀጠሉ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ከነጥብ ያለፈ ነው። አንዲት ልጅ ከአያቷ የተማረችውን ምት ለጨዋታው ብታቀርብና ‘ተሳስተሻል’ ብትባል፣ የምታምነው ማንን ነው? ስክሪኑ ቁጥር ያሳያል፤ አያቷ ቁጥር የላቸውም። ባህልን ለመጠበቅ የተሠራው መሣሪያ በዝምታ ሊያርመውና ሊለውጠው የሚችለው በዚህ በር ነው።

5. የአሠራር ሐሳብ

ለዚህ ጥናት ውድ ኮንሶል አያስፈልግም። ስቴፕማኒያ የተባለው ነፃና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ይሠራል። ሰንጠረዡም ማንም ከፍቶ የሚያነበው የጽሑፍ ፋይል ነው። አንድን የሙዚቃ መስፈሪያ በ4፣ በ8፣ በ12፣ በ16 እና ከዚያም በላይ ወደ ሆኑ መስመሮች መክፈል ይቻላል፤ 12ቱ መስመር በሦስት ለሚከፈለው ምት በትክክል ይስማማል። የፍጥነት ለውጥንም በየምቱ መመዝገብ ያስችላል። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም የሚመጥኑ ናቸው።

ሀ) ቀረጻ። በሁለት ስልክ ይቀረጻል፤ አንዱ ከከበሮዋ አጠገብ፣ ሌላው ከአጨብጫቢዎቹ ዘንድ ይቀመጣል። ሁለቱን ቅጂዎች በኋላ ለማገጣጠም በመጀመሪያና በመጨረሻ አንዳንድ ጠንካራ ጭብጨባ ይደረጋል። አንዱ ዘፈን በነዚያው ሰዎች ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በየጊዜው የሚመለሰው ነገር የዘፈኑ ጠባይ ነው፣ የማይመለሰው አጋጣሚ ነው።

ለ) ምልክት ማድረግ። ኦዳሲቲን ወይም ሶኒክ ቪዥዋላይዘርን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም የእያንዳንዱ የከበሮ ምትና ጭብጨባ መነሻ በሚሊሰከንድ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚጠቁመውን ሰው በጆሮው ያረጋግጠዋል።

ሐ) ልዩነቱን መወሰን። በከበሮና በጭብጨባ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ይሰላል። ለጨዋታው የሚፈቀደው ልዩነት ከዚህ ስርጭት ይወሰዳል፤ ለምሳሌ ከባለሙያዎቹ ምቶች 95 በመቶውን የሚይዘው ወሰን ሊሆን ይችላል። ከባለሙያዎቹ የጠበበ ወሰን ለተማሪ መስጠት ተገቢ አይደለም።

መ) ሰንጠረዡን መሥራት። የጊዜው መነሻ የከበሮዋ እጅ እንጂ አስቀድሞ የተወሰነ ቋሚ ፍጥነት አይሆንም። በምት የማይቆጠረው የመግቢያ ክፍል ምልክት ሳይደረግበት ለማዳመጥ ይተዋል።

ሠ) መሣሪያውን ማስተካከል። ቴሌቪዥኖችና ድምፅ ማጉያዎች ምስልንና ድምፅን ያዘገያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ‘ሮክ ባንድ 2’ ጋር የቀረበው ጊታር ይህንን ራሱ የሚለካ የብርሃን መቀበያና ማይክሮፎን እንደነበረው ይታወሳል። ይህ መዘግየት ሳይለካ የተሰጠ ነጥብ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ረ) ፍተሻ። ጨዋታውን መጀመሪያ የምትጫወተው የተቀረጸችው ባለሙያ ራሷ ናት። እርሷ ከፍተኛ ነጥብ ካላገኘች የወደቀው ሰንጠረዡ ነው፤ ተመልሶ ይሠራል። ልጆች የሚጫወቱት ይህ ፍተሻ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ‘ተማሪ የጸና መለኪያ ካላገኘ እንዴት ይማራል?’ የሚል ነው። መልሱ መለኪያው አልጠፋም የሚል ነው። የተቀረጸው ዘፈን አይለዋወጥም፤ ልጁ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይሰማል። የተለወጠው የመለኪያው ባለቤት ነው፤ ከማሽኑ ሰዓት ወደ መቺዋ እጅ ተሸጋግሯል።

ከሥነ ምግባር አንጻርም ወሰን ማበጀት ያሻል። ወረብና መንዙማ የአምልኮ ክፍሎች ናቸው፤ ነጥብ በሚሰጥ ጨዋታ ውስጥ ማስገባት ባለቤቶቹን ሊያስቀይም ይችላልና ጥናቱ በሠርግና በበዓል ዘፈኖች ቢወሰን ይመረጣል። የዘፋኞቹ ፈቃድ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ይጠየቃል፤ የተሠራውም ፋይል ቅጂ ለእነርሱ ይመለሳል።

6. ማጠቃለያ

ዶንኪ ኮንጋ ከበሮንና ጭብጨባን ወደ ቤት ኮንሶል በማምጣቱ ለሰሜን ወሎ ዘፈን ቅርብ የሆነ ቅርጽ አሳይቷል። ቅርጹን መውሰድ ይቻላል፤ ከቅርጹ ጋር የመጣውን የአለካክ ልማድ ግን መርምሮ መቀበል ይገባል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ‘ኩኩሉ’ንና ‘ገበጣ’ን በስልክ እንዳቀረበ ሁሉ፣ አገርኛ ጨዋታን በዲጂታል መልክ መሥራት የሚቻል መሆኑ ታይቷል። በወልድያና በመርሳ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ላይ ሊጨምሩት የሚችሉት ነገር የባለሙያዎቹ ቅርበት ነው። ከበሮ መቺዎቹ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ፍተሻውን ለማድረግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ማሽኑ መቁጠር ይችላል። የሚቆጥረውን ነገር እንዲያውቅ ግን አስቀድሞ አንድ ሰው ከከበሮዋ አጠገብ ተቀምጦ ማዳመጥ አለበት።